የታችኛው ክንፍ ብሎን ዝም ብሎ ይዞራል፣ ስስብም «ቀጭ» ይላል

ሠላሳ ፓውንድ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቀስቴ ተፈታትቶ የሚገጣጠመው ዓይነት ነው። እጀታው እንጨት ነው፣ ክንፎቹ (ከእጀታው በላይና በታች ያሉት፣ ሲሳብ የሚጎብጡት) በፋይበር ግላስ የተለበጡ ናቸው። ርዝመቱ 62 ኢንች፣ ጉልበቱ 30 ፓውንድ። እያንዳንዱ ክንፍ እጀታው ላይ የሚታሰረው በአንድ ብሎን ነው። ክንፉ ወደ ጎን እንዳይዞር ደግሞ ሁለት ትናንሽ የብረት ካስማዎች አሉት። የታላቅ ወንድሜ ቀስት ነበር። ትከሻውን ሲያመው ለእኔ ሰጠኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቦርሳዬን ስከፍት የታችኛው ክንፍ ብሎን የለም። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ቤት ውስጥ የተጠራቀሙ ብሎኖች ያሉበት ጣሳ አለን። ከዚያ አንድ 8 ሚሊሜትር አገኘሁ። ከላይኛው ክንፍ ብሎን ጎን ሳቆመው ውፍረታቸው በዓይን አይለይም። ሁለት ዙር በጣቴ ገባ። ሦስተኛው ላይ ጠጠረብኝ። ቆሻሻ የያዘው መስሎኝ በቁልፍ አዞርኩት፣ ገባ።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ስስብ ከታች በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ። ልክ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር። አሁን ብሎኑን ባጠብቀው ባጠብቀው ማለቂያ የለውም። ፍላጻዎቼም ከፍና ዝቅ ማለት ጀምረዋል።

ከክንፉ ሥር እስከ አውታሩ ያለውን ርቀትም ለካሁ። ላይ 17.8 ሳንቲሜትር፣ ታች 18.6። ወንድሜ የቦርሳው ክዳን ውስጥ በእርሳስ የጻፈው ግን «ላይ 18.2፣ ታች 17.8» ይላል። እንግዲህ ተገልብጧል ማለት ነው። ምን አጠፋሁ? በዚህ መተኮስስ እችላለሁ? ቀስቱ አሁንም አውታሩ እንደታሰረ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ፈጣን እጅ፦

ይሄ አያስጨንቅሽ። ጥርሱ ላልቶ ነው። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠመጥሙት ነጭ ፕላስቲክ አለ አይደል? እሱን ብሎኑ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥመሽ አስገቢው፣ ይይዛል። እኔ የወንበር እግር እንደዚያ አድርጌ ዓመት አለፈው።

አናጢው፦

ፈጣን እጅ፣ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ፤ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። የወንበር እግር ወደ ታች ነው የሚጫነው። ይሄ ብሎን ግን ከእንጨቱ ተነቅሎ እንዲወጣ ነው የሚጎተተው። ክንፉ ማንሻ ነው። ከብሎኑ እስከ እጀታው ጠርዝ በግምት 5 ሳንቲሜትር አለ፣ ከጠርዙ እስከ ክንፉ ጫፍ 45። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። 30 ፓውንድ ወደ 13 ተኩል ኪሎ ይሆናል። ሁለቱ ክንፎች ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ ከ6 ተኩል እስከ 7 ኪሎ ይደርሳል። በዘጠኝ አባዛው፤ ብሎኑን በግርድፉ ከ60 ኪሎ ያላነሰ ኃይል ይጎትተዋል። በእያንዳንዱ ፍላጻ። ለዚያ የፕላስቲክ ጥቅልል አይበቃም። ቢለቅ ደግሞ የሚለቀው ልጅቷ ስባ፣ ፊቷ አውታሩ ጋ ሲሆን ነው።

ልጄ፣ አትተኩሺ። አሁኑኑ አውታሩን አውርጂው፤ በእጅሽ ታግለሽ ሳይሆን በመገተሪያው ገመድ፣ ሁለቱን ጫፎች ይዞ ቀስቱን በሚያጎብጠው። አውታሩ ታስሮ ሳለ ብሎኑን ንክች እንዳታደርጊ።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ሁለት ዙር በጣት ገብቶ ሦስተኛው ላይ ጠጠረ ያልሽው ነገሩን ይነግረኛል። እኔ ይሄን ታሪክ በእንጨት እጀታ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። የቀስት ዕቃ ላይ በብዛት የምታገኚው የኢንች ብሎን ነው። ውፍረቱ 5/16 ኢንች፣ በሚሊሜትር 7.94። ያንቺ 8 ነው። ስለዚህ ዓይን አይለየውም፣ ጣትም አይለየውም። የሚለያዩት በጥርሳቸው አቀማመጥ ነው። ተራው ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን ከጥርስ ጥርስ 1.25 ሚሊሜትር ይራራቃል። ባለ 5/16ቱ ደቃቅ ጥርስ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው፣ ማለትም 1.06 ሚሊሜትር። በአንድ ዙር ልዩነቱ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሁለት ዙር ግን 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚያ ላይ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። በጣትሽ የተሰማሽ እሱ ነው። ቆሻሻ አልነበረም።

እንጨት ደግሞ በራሱ የብሎን ጥርስ አይችልም። ውስጡ የናስ ቦኮላ፣ ማለትም ብሎኑ የሚገባበት ባለ ጥርስ ትንሽ ቱቦ፣ ተቀብሮ በኤፖክሲ ሙጫ ተጣብቋል። በቁልፍ ስታዞሪው ብሎኑ ናሱን ነክሶ ያዘው፣ ከዚያ ቦኮላው ራሱ አብሮ ዞረ። ሙጫው ለቀቀ ብዬ እጠረጥራለሁ። ግን ከመጠርጠር ማየት ይሻላል።

ክንፉ ታስሮ ቦኮላው ስለማይታይ ብሎኑን በቀስታ ፈትተሽ ክንፉን አንሺው። ከዚያ ከናሱ ጫፍ አንስተሽ እንጨቱ ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር በእርሳስ አስምሪ። ብሎኑን ያለ ክንፉ መልሰሽ በጣትሽ ብቻ ሞክሪው። መስመሩ ከተቆረጠ ቦኮላው ዞሯል። ቀጥሎ ማስመሪያ በጠርዙ አቁመሽ ክንፉ የሚተኛበት ሜዳ ላይ አንሸራቺው። ናሱ ጋ ሲደርስ ከተነቀፈ ቦኮላው ብቅ ብሏል። መለኪያሽ ለምን እንደተገለበጠ ያን ጊዜ ይገባሻል። አንድ ነገር አደራ፦ ደህናውን የላይኛውን ብሎን የታችኛው ቀዳዳ ውስጥ ለሙከራ እንዳታስገቢ። በተጎዳ ጥርስ ውስጥ ገብቶ እሱም ይበላሻል።

ሠላሳ ፓውንድ፦

ጋሼ አናጢው፣ እግዜር ይስጥልኝ። አውታሩን ትናንት ማታውኑ አወረድኩት።

የእርሳሱን መስመር ለማስመር እንኳ አልታደልኩም። ብሎኑን ስፈታው ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ክንፉን ሳነሳ ናሱ ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ። ልክ ጥርስ ከድድ እንደሚወጣ። ዙሪያውን እንደ ቡናማ ስኳር የደረቀ ሙጫ ይዞበታል። ሙጫው ላይ ደግሞ ቀጫጭን የእንጨት ክሮች አሉ። በጣም ደነገጥኩ። የወንድሜን ቀስት ገደልኩት ብዬ ነበር።

ሜዳውን በባትሪ ሳየው ቀዳዳው ዙሪያ እንጨቱ በክብ ተፍቋል። ክንፉን ገልብጬ ሳየው ደግሞ ከሥሩ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ብጫ የናስ ምልክት አለች። ክንፉ እንጨቱ ላይ ሳይሆን ናሱ ላይ ነበር የተቀመጠው ማለት ነው?

የላይኛውን ብሎን ከማስመሪያ ጎን አድርጌ በስልኬ አጉልቼ ቆጠርኩ። በ1 ሳንቲሜትር ውስጥ ዘጠኝ ጥርስና ትንሽ። ከጣሳው ያወጣሁት ስምንት ብቻ። ሁለቱን ጥርስ ለጥርስ ገጥሜ ወደ መብራት ሳነሳቸው መጀመሪያ ላይ ይገጥማሉ፣ ወደ መጨረሻው ብርሃን ያሳልፋሉ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ባደርገው ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አናጢው፦

አልገደልሽውም ልጄ። እንዲያውም ነቅሎ መውጣቱ ጥሩ ነው። ግማሹ ውስጥ ተሰብሮ ቢቀር ነበር ሥራው።

አዎ፣ ክንፉ ናሱ ላይ ነበር የተቀመጠው። ድምፁም ከዚያ ነው፤ ሜዳው ላይ መተኛት ሲገባው በአንዲት የናስ ጫፍ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ስትስቢ ይንሸራተትና «ቀጭ» ይላል። መለኪያውም ያው ነው። የክንፉ ሥር 1 ሚሊሜትር ከፍ ቢል ጫፉ በዘጠኝ እጥፍ ወደ አንቺ ይጠጋል። ክንፉ ይላላል። የላላ ክንፍ ደግሞ አውታሩ ከሥሩ ይርቃል። ለዚህ ነው ታች 18.6 የሆነው። ፍላጻ ከፍና ዝቅ ቢል ምን ይገርማል።

ዘጠኝ ተኩል ገደማ ከሆነ ባለ 24 ጥርሱ ነው። ማረጋገጫ ከፈለግሽ ማመጣጠኛ ዘንግ ያለው ጓደኛ ፈልጊ፤ እጀታው ፊት ለፊት የሚታሰረውን ረጅም ዘንግ ማለቴ ነው። የሱ ብሎን በዓለም ዙሪያ በዚሁ ልክ ነው የሚሠራው፣ 5/16 በ24። የላይኛውን ብሎንሽን ከሱ ጥርስ ጋር ግጠሚው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን ካላሳለፈ አለቀ።

አዲስ ቦኮላና አዲስ ብሎን በዚህ ልክ አምጪ። አሮጌውን ቦኮላ መልሼ ላስገባው እንዳትዪ፣ ውስጡ ተበልቷል። የውጭ ውፍረቱ ግን ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፣ ቀዳዳውን ማስፋት አንፈልግም። ብሎኑ ሰፊ ሮንዴላ ይኑረው። ከጣሳው ያወጣሽው ሮንዴላ አልነበረውም መሰለኝ። ጠባብ የብሎን ራስ ክንፉን በአንድ ነጥብ ይጫነዋል፣ ልባጡ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክንፉንም ፈትሺው። ቁራጭ ጥጥ ወስደሽ በቀዳዳው ዙሪያና በጠርዞቹ ላይ ጎትቺው። ፋይበር ግላስ ከተሰነጠቀ ጥጡን ይይዘዋል። ዓይን የማያየውን ጥጥ ያገኘዋል። ከያዘ ክንፉ አበቃለት፣ አዲስ ነው የሚያስፈልግሽ።

አሁን ማጣበቁ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለሽ ቀዳዳው ውስጥ በእጅሽ አሽከርክሪ፤ የድሮው ሙጫ ይውጣ፣ እንጨቱ ግን አይነካ። ብናኙን ንፊው፣ በአልኮል ጥረጊው፣ እስኪደርቅ ተዪው። አዲሱ ቦኮላ የፋብሪካ ቅባት ስላለው እሱንም በአልኮል።

ኤፖክሲው በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው አይሁን። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን፣ 24 ሰዓት የሚፈልገውን ያዢ። የብሎኑን ጥርስ ከላይ እስከ ታች በሰም እሺው፣ ሙጫ ቢነካው እንዳይይዘው።

ዋናው ጉዳይ ቦኮላው ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ትንሽ ካዘመመ ብሎኑ ክንፉን ወደ ጎን ይጎትተዋል፣ ዕድሜ ልክሽን ትቸገሪያለሽ። ለዚህ ከክንፉ የተሻለ መለኪያ የለም። ሜዳው ላይ ስስ የኩሽና ፕላስቲክ አንጥፊ፣ ለቦኮላውና ለካስማዎቹ ብቻ ብሽው። ብሎኑን በክንፉ ቀዳዳ አሳልፊ፣ ከዚያ ቦኮላውን ብሎኑ ላይ በጣት አስገቢ። ሙጫውን የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ቀቢ፤ ታች እንዲጠራቀም አታድርጊ። ከዚያ ክንፉን በካስማዎቹ ላይ አስቀምጪና ሁሉንም አንድ ላይ አስገቢው። ካስማዎቹ ቦኮላውን ቦታው ላይ ያመጡታል። ብሎኑን በጣትሽ ብቻ፣ ክንፉ ሜዳውን እስኪነካ። ቦኮላው ከሜዳው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቅር፤ እኩል እንኳ ባይሆን ይሻላል፣ ከፍ ማለት ግን ፈጽሞ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብሎኑን ሩብ ዙር ወደኋላ፣ ሩብ ዙር ወደፊት አድርጊው። ከዚያ እስከ ነገ አትንኪው።

ሞላ፦

ጋሼ አናጢው፣ ጨዋታውን አቋረጥኩ እንዳይሉኝ። የእኔ እጀታ ብረት ነው፣ ክንፎቹ ያለ መፍቻ ገፋ ሲደረጉ «ጠቅ» ብለው የሚገቡት አይ ኤል ኤፍ የሚባሉት ናቸው። አውታሩን ሳወርድ የላይኛው ክንፍ በራሱ ተንሸራትቶ ይወድቃል። የታችኛው አይወድቅም። ያሰጋል?

አናጢው፦

አታቋርጥም ወንድሜ። አውታሩ ከታሰረ በኋላ ክንፉን የሚይዘው ውጥረቱ ነው፣ «ጠቅ» የሚለው አይደለም። እሱ ሥራው አውታሩ እስኪታሰር ክንፉን ቦታው ላይ ማቆየት ብቻ ነው። ክንፉ ሥር ያለችውን ትንሽ ነገር በጣትህ ጫን ጫን አድርጋት። ውስጧ ሞላ አለ፤ ተጭና ተመልሳ መውጣት አለባት። አቧራ ይዟት ይሆናል። በአልኮል አጽዳት፣ ካልተመለሰች ትቀየራለች። እስከዚያ አውታር ባሰርክ ቁጥር፣ ከማሰርህ በፊትም በኋላም፣ ሁለቱም ክንፎች እስከ መጨረሻው መግባታቸውን በዓይንህ እይ።

እግረ መንገዴን፦ የናንተ እጀታ ላይ የክንፉን ትልቅ ብሎን ከማዞርህ በፊት የምትቆልፈውን ትንሿን ብሎን ፍታት። ብዙ ሰው እሷን ረስቶ በብሩጎላ ሲታገል የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ወደ ውጭ ስትፈታም አምራቹ ከጻፈው የዙር ቁጥር አትለፍ። በቂ ጥርስ ሳይይዝ ቢቀር ሊነቀል ይችላል።

ሠላሳ ፓውንድ፦

ተመለስኩ። ጥጡ ምንም አልያዘም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ለራሴም አላመንኩም።

ቦኮላውን እንዳሉኝ አድርጌ አጣበቅኩት። ከ24 ሰዓት በላይ ተውኩት፣ የእርሳሱን መስመርም አሰመርኩበት። ብሎኑ በጣት ገባ፣ እስከ መጨረሻው፣ የትም ሳይጠጥር። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ምን ይሰማኝ እንደነበር የገባኝ። ትክክለኛ ብሎን አይታገልም።

ግን አውታሩን አስሬ ፍላጻ ገጥሜ ወደ ዒላማው ግማሽ ያህል ስስብ «ቀጭ»። ቀስ ያለች፣ ከበፊቱ ያነሰች፣ ግን አለች። ሳልለቅ መለስኩት፤ አውታሩን አወረድኩት። ልቤ ወደቀ። እንደገና ለቀቀ ብዬ ክንፉን ፈትቼ ናሱን በባትሪ ሳየው ንቅንቅ አላለም። መስመሩ እንዳለ ነው።

አናጢው፦

አይዞሽ። ቦኮላው ካልዞረ ድምፁ ከሌላ ቦታ ነው። ክንፉ የሆነ ነገር ላይ ተቀምጧል። የእርሳስ ዱቄት ተጠቀሚ። ለስላሳ እርሳስ ፍቀሽ ሜዳውን በሙሉ በዱቄቱ አጥቁሪው። ክንፉን ግጠሚ፣ ብሎኑን በጣት አጥብቂ፣ ፍቺ፣ ገልብጠሽ እዪ። ደህና ሜዳ ሥሩን በሰፊው ያጠቁረዋል። ከፍ ያለ ነገር ካለ እዚያ ላይ ብቻ ጥቁር ነጥብ ይታያል።

ሠላሳ ፓውንድ፦

አገኘሁት!

ከላይኛው ካስማ ሥር፣ የምስር ፍሬ የማታክል የሙጫ ጠብታ። ፕላስቲኩን ስበሳው ቀዳዳው ሰፍቶ ኖሮ በዚያ በኩል ሾልካ ወጥታ ደርቃለች። ጠብታዋ ከእንጨቱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ስላላት በዓይን ፈጽሞ አትታይም ነበር። የክንፉ ሥር ላይ ግን አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ልክ እንደ ማኅተም። በምላጭ ጫፍ ቀስ ብዬ አነሳኋት። አንድ ጊዜ «ጠብ» ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ዱቄቱን እንደገና አድርጌ ሞከርኩ፤ ሥሩ በሙሉ ጠቆረ።

አውታሩን አስሬ አንድ ሰዓት ሳልስብ ተውኩት። ከዚያ ፍላጻ ገጥሜ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ዝም። የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው። ስድስት ፍላጻ ተኮስኩ፣ አራቱ መዳፍ በሚያህል ቦታ ውስጥ ገቡ።

መለኪያው፦ ላይ 18.2፣ ታች 17.9። ከወንድሜ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ ጻፍኩት። ደውዬም ነገርኩት። ቦኮላው ተነቅሎ ነበር ስለው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ፊትሽን አላገኘሽም?» ብሎ ነው።

ፈጣን እጅ፦

እኔም ተማርኩ። ያን ጥቅልል በመምከሬ ይቅርታ፣ እህቴ። የራሴን ቀስት ፈትቼ ብሎኖቹን በማስመሪያ ቆጠርኳቸው፣ አራቱም አንድ ናቸው። ሁለቱ መለዋወጫ ናቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ይቀመጣሉ።

አናጢው፦

መለዋወጫው ጥሩ ሐሳብ ነው። ሠላሳ ፓውንድ፣ አንቺም አንድ ያዢ፤ ከነሮንዴላው።

ከ50 ፍላጻ በኋላ አውታሩን አውርደሽ የታችኛውን ክንፍ አንዴ ፍቺው። የናሱን ጠርዝ በጣትሽ ዳብሺው፣ መስመሩን እዪ። ካልተንቀሳቀሰ ክንፉን መልሰሽ ብሎኑን በጣት አጥብቂ፣ በቁልፍ አይደለም። የቀረውን አውታሩ ያጠብቀዋል። ያን አሮጌ 8 ሚሊሜትር ብሎን ደግሞ ከጣሳው ውስጥ ለይተሽ አውጪው።

ሠላሳ ፓውንድ፦

አውጥቼዋለሁ ጋሼ። ናሱ እንደነከሰው አለ፤ ለወንድሜ ላሳየው አስቀምጬዋለሁ።